ዌብሳይቱ በማን ስም ነው?

የበጀቱ ወረቀት ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ ነው። ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ቦይለር፣ ሮቶ፣ መጋረጃ፣ ጄኔሬተር፣ የደጃፍ ማስታወቂያ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ለፊት ሁለት ሦስት ቁጥር ተጽፎ ተሰርዟል፤ ሴትየዋ መርካቶን ዞራ ስትጠይቅና ስትከራከር መክረሟ ከስርዙ ይታወቃል። የመጨረሻው መስመር ላይ «ዌብሳይት» ይልና 15,000 ብር ይላል። እሱ ብቻ ስርዝ የለውም። የወንድሟ ልጅ የነገራት ቁጥር ነው፤ እሱም ከጓደኛው የሰማው ነው።

ጊዜው ግንቦት 2016 ነው። ሴትየዋ ቤይሩት ውስጥ 11 ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ያጠራቀመችውን ይዛ ቦሌ ሚካኤል አንድ ግቢ ተከራይታለች፤ 8 ክፍል ያለው ገስት ሃውስ ልትከፍት ነው። ሶማሊኛ ከአማርኛ እኩል የሚሰማበት፣ አውሮፕላን በላይ ሲያልፍ የስልክ ወሬ የሚቋረጥበት ሰፈር ነው። ሌላው ሰው ጩኸቱን ሽሽት የኪራይ ቤት ይቀይራል፣ እሷ ጩኸቱን ፈልጋ ነው የመጣችው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቦሌ የሚያርፍ ሰው ምን እንደሚቸግረው ታውቃለች። ከቤይሩት በተመለሰችበት ሌሊት የደሴው አውቶቡስ እስኪነሳ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነው ያነጋችው።

ከትልልቆቹ ጋር መፎካከር አላሰበችም። አየር መንገዱ ረጅም ቆይታ ያለበትን መንገደኛ የሚያሳድርበት ቦታ አያጣም፤ የራሱ ስካይላይት ሆቴል ብቻውን ከ1,000 በላይ ክፍል አለው። ለእሷ የሚተርፉት ሌሎቹ ናቸው፦ በሁለት የተለያየ ትኬት የሚጓዝ ነጋዴ፣ ንጋት ላይ የሚበር ዲያስፖራ፣ እንደ እሷ ሌሊት ገብታ ጧት ክፍለ ሀገር የምትሄድ እህት። ይቺን የመጨረሻዋን በኢሞ ታገኛታለች፤ ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ወሬ ሁሉ እዚያ ነው። ነጋዴው ግን ገና ሌጎስ ወይም ናይሮቢ ሆኖ፣ ሳይሳፈር፣ ስልኩ ላይ ነው ማደሪያ የሚፈልገው። የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ቅጹም ቢሆን የሚያርፍበትን አድራሻ ይጠይቀዋል።

እርግጥ እንግዳ የሚያመጡላት ሌሎችም አሉ። ቡኪንግ ዶት ኮም ብዙውን ጊዜ ከክፍሉ ዋጋ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል። እንግዳ ይዞ የሚመጣው ሾፌርም የራሱን ይጠይቃል፣ ካላገኘም በሚቀጥለው ሌሊት መኪናውን ወደ ጎረቤት ያዞራል። ክፍሉን በ30 ዶላር ለማከራየት አስባለች። ከዚያ ላይ 15 በመቶው 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጽፋ ከበበችው። ምን እንደሚያደርግላት ግን ያኔ አላወቀችም።

ዋጋ ለማጠያየቅ ሦስት ቦታ ሄደች። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ ሊባል እንኳ አይችልም፤ በቴሌግራም የመጣ አንድ መስመር ነው፦ «18 ሺህ፣ ሁሉንም ያካትታል፣ በ10 ቀን።» የላከው ልጅ 24 ዓመቱ ነው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን «ማዘር» አላት። 41 ዓመቷ ነው፤ ቅር አላት፣ ዋጋውን ስታስብ ግን ተወችው። ሁለተኛው ቢሮ ካላቸው ሦስት ወጣቶች የመጣ ሲሆን 85,000 ብር ይላል። ከታች በትንንሽ ፊደል «ቫትን አይጨምርም» የሚል አለበት፤ 15 በመቶው ሲታከልበት 97,750 ይሆናል። ሦስተኛው 11 ገጽ ነው፤ 240,000 ብር፣ ከቫት ጋር 276,000። ማህተምም፣ ባለ ቀለም ሥዕልም አለው።

ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን መምረጥ የምናውቀው አሠራር ነው፤ መሥሪያ ቤቱም፣ እድሩም፣ ትምህርት ቤቱም የሚገዛው እንዲያ ነው። ለፍራሽ ይሠራል። ፍራሽ ሲሆን ሴትየዋ በእጇ ተጭና፣ ጠርዙን ከፍታ ስፖንጁን አይታ፣ ውፍረቱን ለክታ ነው የምትገዛው፤ ሦስቱ ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ የአንድ ዕቃ ዋጋ ነው። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ግን የአንድ ዕቃ ዋጋ አልነበሩም። የ24 ዓመቱ ልጅ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ላይ ስሟን ሊጽፍላት ነው። ወጣቶቹ ፎቶ ሊያነሱ፣ እንግሊዝኛውን ሊጽፉ፣ ለአንድ ዓመት ሊያድሱላት ነው። ባለ ማህተሙ ድርጅት ከውጭ አገር ካርድ ክፍያ የሚቀበል፣ በአምስት ቋንቋ የሚያናግር፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሳይቀር የሚይዝ ሥርዓት ሊዘረጋላት ነው። የምትቀጥራቸው ሠራተኞች ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ የአክስቷ ልጅ ናት።

የካርድ ክፍያው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነውና። ዓለም የሚጠቀምበት ስትራይፕ ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፣ እንደ ቻፓ ያሉ ከዌብሳይት ጋር የሚገናኙ የአገር ውስጥ የክፍያ ድርጅቶችም መጥተዋል። ልብስ ለአዲስ አበባ ሰው ለሚሸጥ ሱቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 8 ክፍል ላለው ገስት ሃውስ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስም፣ የበረራ ቁጥርና የመድረሻ ሰዓት የሚቀበል ቅጽ ነው። ገንዘቡን እንግዳው ሲደርስ ይከፍላል። አንዳንዱ ይቀራል፣ አዎ። ለሚቀረው እንግዳ ሲባል ግን የዓመት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ሶፍትዌር ላይ አይፈስም።

18,000 የጠየቀውን መረጠች። ከበጀቷ ያለፈው 3,000 ብር ብቻ ነውና ደስ አላት። 9,000 ቀብድ ከፈለች፣ ቀሪውን ሲያልቅ። ደረሰኝ የለም፤ ስለዚህ ለገቢዎች በወጪነት የምታቀርበው ወረቀትም የለም። ውል የለም። ልጁ ቃሉን አክብሮ በ10ኛው ቀን አስረከበ። ስልኳ ላይ ስትከፍተው የአያቷ ስም፣ ቤቱን የሰየመችበት ስም፣ በትልቁ ተጽፎ አየች። እናቷ ዘንድ ደሴ ላከችው። ቤይሩት ላሉትም ላከችው።

ቤቱ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጋናዊ መጣ። ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ፊቱን ታጥቦ ወርዶ፣ መዋኛው የት እንደሆነ ጠየቃት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሰውየው ስልኩን አወጣ። ከአያቷ ስም በታች ሰማያዊ መዋኛ፣ ዙሪያውን ዘንባባ፣ ነጭ ጃንጥላ። ቴምፕሌቱ ይዞት የመጣው ፎቶ ነው፤ ልጁ ሌሎቹን ቀይሮ ያንን ረስቶታል። ግቢዋ ውስጥ ያለው ውኃ ሮቶው ውስጥ ያለው ነው። ሰውየው አልጮኸም፣ ግን የአንድ ሌሊት ከፍሎ ጧት ወጣ። ሴትየዋ ያን ቀን ሙሉ ምግብ አልበላችም። ቤይሩት እያለች ባልወሰደችው ቀለበት ሌባ ተብላ ታውቃለች፤ አሁን ደግሞ በማታውቀው መዋኛ ውሸታም ሆነች።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ከ18,000 ብሩ ውስጥ የፎቶ ገንዘብ የለም፤ የጽሑፍም የለም። ዌብሳይት ላይ እንግዳው የሚያየው ደግሞ ፎቶና ጽሑፍ ነው። አልጋውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ጣሪያው ላይ ሆኖ የሚታየውን አውሮፕላን ማንሳት የሚችል ሰው የአንድ ቀን ዋጋ ያስከፍላል፤ «ሙቅ ውኃ 24 ሰዓት፣ ከኤርፖርት እንቀበላለን» የሚለውን በደህና እንግሊዝኛ የሚጽፍም እንዲሁ። እሷ ለመጋረጃው ያወጣችውን ያህል ለፎቶው አላወጣችም። መጋረጃውን ግን የሚያየው ከገባ በኋላ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሴትየዋ ዜናውን የሰማችው በደስታ ነው፤ ገቢዋን በዶላር የምታስብ ሰው ናት። አንድ ነገር ግን ልብ አላለችም። የዌብሳይት ስም፣ ዶሜይን የሚባለው፣ ዓመታዊ ኪራይ ነው። ፋይሉ የሚቀመጥበት ሆስቲንግም ዓመታዊ ኪራይ ነው። «ሁሉንም ያካትታል» የተባለው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ በዓመት 75 ዶላር ነበሩ፤ ስትጀምር 4,275 ብር ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ዶላሩ 130 ብር አካባቢ ሲደርስ ያው 75 ዶላር 9,750 ሆነ። ልጁ የሠራበት ጉልበት በብር የተከፈለ ስለሆነ አልፏል፣ ረክሷልም። ኪራዩ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ በዶላር ይመጣል፤ ብዙው የአገር ውስጥ ካርድ ደግሞ ውጭ ላለ ድርጅት አይከፍልም።

ግንቦት 2017 ዌብሳይቱ ጠፋ። ያወቀችው ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጓደኛው ጋ ደወለች። «ካናዳ ሄዷል እኮ ማዘር፣ አልነገረሽም?» ከእሷ ቤት በእግር በሚደረሰው ኤርፖርት ነው የሄደው።

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ዶሜይኑ የተመዘገበው በልጁ ስም፣ በልጁ ኢሜይል ነው። ፓስዎርዱ እሱ ጋ ነው። የማደሻ ማስታወቂያው የሚደርሰው ለእሱ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ቅጹ ነው፦ እንግዶች ስማቸውን፣ የበረራ ቁጥራቸውን፣ አንዳንዶቹም የፓስፖርታቸውን ኮፒ የሚልኩበት ቅጽ መልእክቱን የሚያደርሰው ልጁ ኢሜይል ውስጥ ነበር። እሱ አገር ውስጥ ሳለ በቴሌግራም ያስተላልፍላት ነበር። እሷም ይህ የዌብሳይት ተፈጥሮ መስሏት ታመሰግነው ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እሷ በከፈተችበት ክረምት መውጣቱን አልሰማችም። የሰው ፓስፖርት ካናዳ ባለ ሰው ኢሜይል ውስጥ መቀመጡ ግን ያለ አዋጁም እንቅልፍ ነሳት። የቤት ኪራይ ውል ስትፈርም ሁለት ምስክርና ጠበቃ ይዛ የሄደች ሴት ናት። የቤቱን ስም ግን በሰው ስም አስመዝግባ አንድ ዓመት ኖረች።

የወንድሟ ልጅ መጣ፣ «ተይው፣ ቴሌግራም ቻናል እንከፍታለን፣ ቲክቶክም፣ በነፃ» አላት። ነፃ ነው፣ ልክ ነው። ጎግል ማፕ ላይ መመዝገብም ነፃ ነው፤ እንዲያውም ከመጡት እንግዶች ብዙዎቹ ያገኟት በዚያ ነበር። በአዲስ አበባ የቤት ቁጥር ይዞ የሚፈልግ ሾፌር የለም፣ ካርታው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ግን ትመራለች። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረባት፤ የዌብሳይቱ በጀት አንድ ብር ሳይነካ። ቴሌግራሙን በተመለከተ ግን በሩ ላይ ጫማ የሚሸጠው ጎረቤቷ ሌላ ነገር አስታወሳት። የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ሲሉ፣ ሱቁ ያለው ቻናሉ ላይ ብቻ ነበር። ደንበኞቹን ዳግም ለማግኘት ወራት ፈጀበት። ተራ ዌብሳይቶች በዚያን ጊዜ ይከፈቱ ነበር።

ዌብሳይት ያለው ሰውም አይመጻደቅ። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔቱ በሙሉ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ ውጭ አገር ሆስት የተደረገ ዌብሳይት ሌጎስ ላለው ሰው ወለል ብሎ ይታያል፤ ባለቤቱ ግን አዲስ አበባ ሆኖ የመጣውን መልእክት ማንበብ አይችልም። ለዚህ ነው ስልክ ቁጥሩ ገጹ ላይ በትልቁ መጻፍ ያለበት።

እናስላ ከተባለ ስሌቱ እሷ ወረቀት ጠርዝ ላይ ቀድማ የከበበችው ቁጥር ነው። አንድ እንግዳ በቀጥታ በዌብሳይቱ ሲመጣ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ኮሚሽን ይተርፋታል። የ75 ዶላሩን ዓመታዊ ኪራይ ለመሸፈን 17 ሌሊት ይበቃል። 8 ክፍል በዓመት 2,920 ሌሊት ነው። ከዚያ ውስጥ 17ቱን የማያመጣ ዌብሳይት ቢዘጋ አይቆጭም። የ97,750 ብሩን ለመመለስ ግን፣ በ130 ብር ምንዛሪ እንኳ፣ ወደ 167 ቀጥታ ሌሊት ያስፈልጋል፤ ስትጀምር በነበረው በ57 ብር ቢሰላ ወደ 380 ይጠጋል። የ276,000ውን ማስላት አያስፈልግም። ይህን ስሌት ለመሥራት ዲቨሎፐር አያስፈልግም፣ እሷ ከመርካቶ ነጋዴ ጋር በየቀኑ የምትሠራው ስሌት ነው። ችግሩ «ቴክኖሎጂ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ስሌቷን ለልጆች ማስረከቧ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ነው። አሸዋ ሲገዛ መኪናው ላይ ወጥቶ የሚያየው ሰው፣ ዌብሳይት ሲሆን አንገቱን ይደፋል።

ልጁ በዘጠነኛው ቀን በቴሌግራም መለሰ። ከሠላምታው በፊት ይቅርታ ጠየቀ። ሌባ አልነበረም፤ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ያን ኢሜይል ከከፈተው ወራት አልፎታል። ጊዜው ካለፈ ሁለት ሳምንት የሆነው ዶሜይን ገና በእፎይታው ጊዜ ውስጥ ነበርና በተለመደው ዋጋ ታደሰ። ቢዘገይ ኖሮ ለማስመለስ ብዙ እጥፍ ትጠየቅ ነበር፤ ከዚያም ካለፈ ስሙ ገበያ ላይ ይወጣል፣ የአያቷን ስም ማንም ይገዛዋል። ዱባይ ያለች ጓደኛዋ በካርዷ ከፈለችላት። ስሙ ወደ እሷ፣ ወደ ራሷ ኢሜይል ተዛወረ። ዶሜይን እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል እንደሚቻል ያኔ ሰማች፤ የ5 ዓመት ከፈለች። የተሠራውን ዌብሳይት ግን ጣለችው። አንድ ገጽ ብቻ አሠራች፦ ስምንት እውነተኛ ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ፣ ካርታ፣ ቅጽ። ለፎቶ አንሺው የከፈለችው ለሠሪው ከከፈለችው ብዙም አያንስም። ሁለተኛው ሠሪ «እሙዬ» ይላታል፤ እሱም ያው ነው፣ ግን ደረሰኝ ይቆርጣል።

አዲሱ የበጀት ወረቀት ላይ ዌብሳይት የመጨረሻው መስመር አይደለም፤ ከቤት ኪራዩ ሥር ነው የተጻፈው፣ ከመብራትና ከውኃ ጋር። ፊት ለፊቱ የብር ቁጥር የለም፣ በዶላር ነው ያለው። የሚታደስበት ቀን ቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

ልጁ የድሮውን ኢሜይል ከፍቶ ሲያይ ያልተነበቡ 23 የክፍል ጥያቄዎች አገኘ። አንድ በአንድ ላከላትና ከራሱ ሳጥን አጠፋቸው። የአብዛኞቹ ቀን አልፏል። አንዱ የስድስት ሰዎች ቡድን ነበር፣ ለሦስት ሌሊት፤ ይህን ስታነብ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀምጣ ወጥታ አንሶላ አሰጣች። ማታ ተመልሳ ለ23ቱም መለሰች፣ በአክስቷ ልጅ እንግሊዝኛ፣ በዘገየችበት ይቅርታ ጠይቃ። አራቱ መለሱላት። ሦስቱ አመስግነው ብቻ ነው። አራተኛው ናይሮቢ ያለ ነጋዴ ነው፤ ኅዳር ላይ ወደ ጓንዡ ሲሄድ በአዲስ አበባ እንደሚያልፍ ጽፎ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኤርፖርት የሚቀበለው ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። አለ አለችው። የበረራ ቁጥሩን ላከላት።